በደማችን የሚጓዘው ስብና ከመዝገባችን የጎደለው መስመር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ብስራተ ገብርኤል፣ በሒሳብ ክፍል ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ለመናገር ሲነሣ የምትጠብቁት የታወቀ ነው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ብድሯን መለሰች፣ ማን ዘገየች። እሱን ከሰዓት በኋላ እናቀርባለን። አሁን የምንነግራችሁ ስለ ደም ነው፤ ስብ በደማችን ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ። «የሒሳብ ሰዎችን ከደም ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘን የራሳችን መዝገብ ነው።

አንዲት እናታችን አሉ። «ታሪኩን ንገሩ፣ ስሜን ግን ተዉት» ስላሉን ስማቸውን አንጠራም። ሰውነታቸው ቀጭን ነው፤ ጾም አያፈርሱም፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ሕመም ታክመው ደማቸው ሲመረመር ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። የመድኃኒቱን ገንዘብ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ይወስዱ ስለነበር እኛም በየወሩ «ለመድኃኒት» ብለን መዘገብን። ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ሲመረመሩ ቁጥሩ ወርዷል። በሳምንታዊው ስብሰባችን ላይ «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ብለው ሲነግሩን ሁላችንም አጨበጨብን። ኪኒኑንም በዚያው ተዉት።

ከዚያ ወር ጀምሮ በመዝገባችን «ለመድኃኒት» የሚል መስመር የለም። እኛ መስመሩ መቅረቱን አይተናል። ወጪ ሲቀንስ የሒሳብ ሰው ደስ ይለዋልና «ፈንዱ ትንሽ ተነፈሰ» ተባባልን። ለምን ቆመ ብለን ግን አልጠየቅንም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ እናታችን ምጣድ ላይ እንዳሉ ቀኝ እጃቸው የሊጡን ጣሳ መያዝ አቃተው። ሊጣሩ ሲሉ አፋቸው ተሳሰረ። ስትሮክ ነበር፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ ተዘግቶ። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ በሕይወት አሉ፣ ስብሰባም ይመጣሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ስትሮኩ የመጣው ኪኒኑ ስለቆመ ብቻ ነው ብለን አንፈርድም። የደም ግፊትም ነበረባቸው፤ ዕድሜም አለ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ሐኪም ጠየቅን፣ አነበብን። ኪኒኑ ምን ይሠራ እንደነበር ሲገባን «ድኛለሁ» ማለታቸውም፣ ማጨብጨባችንም ስሕተት እንደነበረ ተረዳን። ያወቅነውን ዛሬ ለሁላችሁም እናካፍላለን።

ከጓዳችን እንጀምር። ዶሮ ወጥ የተበላበትን ሳህን በቀዝቃዛ ውኃ ስናጥብ ቅባቱ ከውኃው ጋር አይዋሐድም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የደማችን ፈሳሽ ክፍል ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉ ውኃ ነው። ታዲያ የበላነው ስብ በዚህ ውኃ ውስጥ አልፎ ከአንጀት ወደ ጡንቻ፣ ከጉበት ወደ ሌላው አካል እንዴት ይደርሳል?

መልሱ፣ ስብ በደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ሰውነታችን ስቡን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ያሽገዋል። የእንክብሉ ውስጥ ስብ ነው። ሽፋኑ ደግሞ ከውኃ ጋር የሚስማማ ነገርና ፕሮቲን ነው። በዚህ የተነሣ ከደሙ ጋር ያለ ችግር ይፈሳል። ፕሮቲኑ እንደ አድራሻም ያገለግላል፤ እንክብሉ የት እንደሚራገፍና ማን እንደሚቀበለው የሚታወቀው በእሱ ነው። እነዚህን ተሸካሚዎች ሐኪሞች ሊፖፕሮቲን ይሏቸዋል። ከእነሱ ውስጥ አራቱን ብናውቅ የምርመራ ወረቀታችንን ማንበብ እንችላለን።

የመጀመሪያው ከማዕዳችን የሚነሣው ነው። ቅቤ የገባበት ክትፎም ሆነ ዘይት ያለበት ሽሮ ስንበላ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሐሞት ቅባቱን ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ቅመም ደግሞ ያደቀዋል። የአንጀት ግድግዳ የደቀቀውን ተቀብሎ እንደገና ያሽገውና ካይሎማይክሮን በሚባል ትልቅ እንክብል ይልከዋል። ይህ እንክብል በቀጥታ ወደ ደም አይገባም። ሊምፍ በሚባለው ፈሳሽ መስመር ሽቅብ ይወጣና ከአንገታችን ሥር በግራ በኩል ከደም ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በጡንቻና በስብ ማከማቻ አካባቢ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲያልፍ ጭነቱን ያራግፋል። የምታጠባ እናት ከሆነች ከጭነቱ ከፊሉ ጡቷ ላይ ይወርድና ለልጇ የወተት ስብ ይሆናል። የተረፈውን ባዶ ሊሆን የደረሰ እንክብል ጉበት ይሰበስበዋል።

ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላን በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ደማችን ተቀድቶ ቢቀመጥ ከላይ የሚጠለው ፈሳሽ ደብዝዞ የወተት መልክ ይይዛል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጭነቱ ገና መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። ለስብ ምርመራ ብዙ ጊዜ «ሳትበሉ ኑ» የምንባለውም ለዚህ ነው። በጾም እስከ 9 ሰዓት ስንቆይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሰውነታችን የተቀመጠው ስብ ይፈታና አልቡሚን በሚባል የደም ፕሮቲን ተሸክሞ ጉልበት ለሚፈልገው አካል ይደርሳል። ሳንበላ ቆመን የምንሠራው በእሱ ነው።

ሁለተኛው ተሸካሚ የሚነሣው ከጉበት ነው። ጉበት የራሱን ስብና ኮሌስትሮል አሽጎ ቪኤልዲኤል በሚባል እንክብል ይልካል። እንክብሉ በየመንገዱ ስቡን ሲያራግፍ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ኮሌስትሮል የሞላበት ትንሽ እንክብል ይሆናል። ሦስተኛው፣ ኤልዲኤል የሚባለው ይህ ነው። «መጥፎው ኮሌስትሮል» ሲባል የምትሰሙት እሱን ነው። ኤልዲኤል ግን በራሱ መርዝ አይደለም። ኮሌስትሮል ለሕዋሶቻችን ግድግዳ፣ ለሴትነታችን ሆርሞን፣ ለሐሞትም ያስፈልጋል። የሚበዛውን የሚሠራውም ሰውነታችን ራሱ ነው። «እኔ ሥጋ አልበላም፣ ከየት መጣብኝ?» ለምትሉ መልሱ ይህ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ኤልዲኤል ሥራውን ጨርሶ ተቀባይ ሲያጣ ነው። በጉበት ሕዋሶች ላይ ኤልዲኤልን ለይተው የሚያስገቡ በሮች አሉ። በሮቹ በቂ ሲሆኑ ከደም ይለቀማል። በሮቹ ሲያንሱ ግን በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይመላለሳል። ውሎ አድሮም ወደ ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ ይከማቻል። ግድግዳው ያብጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል። አንድ ቀን ያበጠው ሲቀደድ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፣ ቧንቧውም ይዘጋል። በልብ ቢሆን የልብ ድካም፣ በአንጎል ቢሆን ስትሮክ ያስከትላል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ሲካሄድ አያምም፣ አያስተኛም።

እነዚህን በሮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። በልጅነታቸው የልብ በሽታ የሚይዛቸውን ልጆች ሲመረምሩ፣ ልጆቹ ከወላጆቻቸው በወረሱት እንከን የተነሣ በሮቹ እንደሌሏቸው ደረሱበት። በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚህ የምንማረው፣ በሮቻቸው በውርስ ያነሱ ሰዎች ቀጭንም ሆነው፣ ጾመኛም ሆነው ኤልዲኤላቸው ሊበዛ እንደሚችል ነው። ውፍረት ማየት ብቻ አይበቃም። በቤተሰቧ ውስጥ በወጣትነት በልብ ወይም በስትሮክ የሞተ ያለባት እህት ይህን ለሐኪሟ ትንገር።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንመለስ። እናታችን የታዘዘላቸው ስታቲን ከሚባሉት ወገን ነው። የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት መድኃኒት በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሻጋታ ያገኘው አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው። ኪኒኑ በደም ውስጥ ያለውን ስብ አያቀልጥም። የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግደዋል። ጉበት ሲያንሰው ጊዜ ከደም ሊወስድ ተጨማሪ በሮችን ይከፍታል። ኤልዲኤል የሚወርደው በዚህ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፣ በሮቹም ይቀንሳሉ። ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይወጣል።

እንግዲህ እናታችን ሲመረመሩ ቁጥሩ ወርዶ መገኘቱ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን እንጂ መዳናቸውን አያሳይም። ይህን በጊዜው ብናውቅ ኖሮ ከማጨብጨብ በኋላ «እማዬ፣ ቀጣዩ ኪኒንዎስ?» ብለን እንጠይቅ ነበር።

አራተኛው ተሸካሚ ኤችዲኤል ነው። ይኼኛው በአመዛኙ የሚመልስ ነው፤ የተረፈውን ኮሌስትሮል ከየአካሉ፣ ከቧንቧ ግድግዳም ጭምር እየለቀመ ወደ ጉበት ይወስዳል። ጉበትም ከፊሉን ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። «ጥሩው» የተባለው ስለዚህ ነው።

በዚሁ አንድ ልማዳችንን እናንሣ። «ጮማው ደሜ ውስጥ ረግቷል፣ ትኩስ ውኃና ሎሚ ጠጥቼ አቀልጠዋለሁ» የምንል አለን። ስብ የሚረጋው ቀዝቃዛ ድስት ላይ ነው። ሰውነታችን ዘወትር ሞቃት ነው፣ ስቡም በእንክብል ታሽጎ ነው ያለው። የጠጣነው ትኩስ ውኃ ሆድ ውስጥ ሲገባ የሰውነታችንን ሙቀት ይይዛል እንጂ ቧንቧ አያጥብም። ሎሚ ብትወዱ ጠጡ፤ በኪኒን ፋንታ ግን አትያዙት።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። የምርመራ ወረቀቱን እንደ ሒሳብ መግለጫ እንየው። አራት መስመር አለው፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ኤችዲኤልና ኤልዲኤል። ትራይግሊሰራይድ ማለት ያው የምንበላውና የምናከማቸው ስብ ነው። ጠቅላላው የኮሌስትሮሎቹ ድምር ነው። በብዙ ላቦራቶሪ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፤ ከሌሎቹ ተቀንሶ ነው የሚገኘው። ሒሳቡ ከ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ትቀንሳላችሁ፤ ትራይግሊሰራይድን ለ5 አካፍላችሁ እሱንም ትቀንሳላችሁ። ለምሳሌ ጠቅላላው 240፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ 150 ለ5 ሲካፈል 30 ነው። ከ240 ላይ 40ና 30 ሲቀነስ 170 ይቀራል። ኤልዲኤሉ 170 ነው ማለት ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ይህ ሒሳብ አያገለግልም።

ይህን የነገርናችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም። ድምር ብቻውን እንደሚያታልል እንድታዩ ነው። በሣጥናችን 50 ሺህ ብር አለ ብንላችሁ «ስንቱ ቁጠባ ነው? ስንቱ ዕዳ ነው?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ኮሌስትሮልም እንደዚሁ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአገራችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ከመቶ 5.2 ብቻ ነበር። መስመር በመስመር ሲታይ ግን ኤልዲኤሉ ከፍ ያለበት 14.1 ከመቶ፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለበት 21 ከመቶ፣ ኤችዲኤሉ ዝቅ ያለበት ደግሞ 68.7 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ ስትመረመሩ «አራቱንም ንገሩኝ» በሉ፤ ወረቀቱንም አትጣሉት።

ስለ ዘይትም እንናገር። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾሙ አባላት አሉን። ጾም ላይ ቅቤ የለም፤ ዘይት ግን አለ። የሚረጋው ዘይት፣ ፓልሙ፣ ከዕፅዋት ስለሆነ ኮሌስትሮል የለበትም፤ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈውም እውነት ነው። ነገር ግን ከስቡ ግማሽ ያህሉ ቅቤ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ የሚረጋ ስብ ነው። ይህ ዓይነቱ ስብ ሲበዛ ቅድም ያልናቸውን የጉበት በሮች ይቀንሳል፣ ኤልዲኤልንም ከፍ ያደርጋል። በክረምት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ሲጠጥር ያያችሁት እሱ ነው። የአገራችን ኑግና ሱፍ ግን በቅዝቃዜም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ፤ አብዛኛው ስባቸው የማይረጋው ዓይነት ነው። ዋጋቸው ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቤታችንም የምንገዛው እኛው ነን። ስለዚህ «ፓልም አትግዙ» ብለን አናዝም። ማንኛውንም ዘይት ከጀሪካኑ ከማንቆርቆር በማንኪያ እንለካ፤ ሽሮና ምስሩን በዘይት ከማስዋኘት እንቆጠብ፤ አቅም ስናገኝ ፈሳሹን እንምረጥ። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ባቄላው እዚሁ አለልን።

ከዚህ በኋላ ማኅበራችን ምን ያድርግ ለሚለው፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው የተስማማበትን እናሳውቃለን።

አንደኛ፣ በቡድን መዝገባችን ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ከፍተናል። ዘወትር መድኃኒት የምትወስድ አባል ፈቃደኛ ከሆነች «ቀጥላለች» ወይም «ቆማለች» ብለን እንጽፋለን። የበሽታዋን ስም አንጽፍም። «ቆማለች» ከሆነ ሳምንት ሳያልፍ ሁለት እህቶች ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ። የቆመው ገንዘብ አጥታ ከሆነ ፈንዱ አለ። ጡንቻዋን አሟት ወይም ሌላ ነገር ተሰምቷት ከሆነ ወደ ሐኪሟ እንሸኛታለን። ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሊቀይር፣ መጠኑንም ሊያስተካክል ይችላል።

ሁለተኛ፣ እስከ ዛሬ ለመድኃኒት የሚወሰደው ገንዘብ ብድር ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሕመም መድኃኒት የሚወሰደው በድጋፍ ይያዛል፤ አይመለስም። ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ ፈንዱ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኪኒን መዋዋስ ይቅር። «ለእሷ የሠራ ለእኔም ይሠራል» ብላ የጎረቤቷን የምትወስድ እንዳትኖር። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልታረግዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እህት በተለይ ስታቲን ከመውሰዷ በፊት ሁኔታዋን ለሐኪሟ ትንገር። የጤና መድን ያላችሁም መታደሱን አረጋግጡ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለን። እስካሁን ለወፍጮው፣ ለምጣዶቹና ለሥልጠናው የሰጣችሁንን በየደረሰኙ አቅርበናል። አሁን የምንጠይቀው ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ አባሎቻችን አራቱን መስመር አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ፣ ግፊታቸውም አብሮ እንዲለካ ነው። የተመረመረችው አባል በየወሩ ምን ላይ እንዳለች የመከታተሉን ሥራ እኛው እንይዘዋለን። ለዚያ የሚያስፈልገው መዝገብ፣ እስክሪብቶና እህትነት ነው፤ ሦስቱም አሉን።

ስለ እናታችን ብለን እንጨርስ። ከስትሮኩ በኋላ ኪኒናቸውን ጀምረዋል፤ የግፊቱንም አብረው ይወስዳሉ። እንጀራውን አሁን የምትጋግረው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው በግራ እጃቸው ይሸጣሉ። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ስናነብ በስማቸው ትይዩ ስምንተኛው «ቀጥላለች» ተጽፎ አየነው። ወጪው ጨምሯል። በዚህኛው ወጪ ግን ደስ ብሎናል።

 ከሰዓት በኋላ የብድሩን ሒሳብ ይዘን እንመለሳለን።